የጤና ዓምድ፦ ሴቶች የሚደብቁት ሕመም

 

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ መጠጥ ውኃ ንጽሕና አንብበናል። ዛሬ ሌላ ነገር እናነባለን። ርእሱ ትንሽ ያሳፍር ይሆናል። እኛም ስንጽፈው አፍረን ነበር። ነገር ግን ዓይናችን ሲታመም እናሳያለን። ጥርሳችን ሲታመም እንናገራለን። የሴት ብልት ሲታመም ግን ዝም እንላለን። ዝም የተባለ ሕመም ደግሞ ሥር ይሰድዳል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ስለዚህ ዛሬ ሳንደብቅ እንነጋገራለን።

ይህን ገጽ ወንዶችም አንብቡት። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

አንዲት ተማሪያችን

በማታ ክፍላችን ከሚማሩት እናቶች ስለ አንዷ እንነግራችኋለን። ስማቸውን አንጽፍም። የአምስት ልጆች እናት ናቸው። ትምህርት ሲጀምሩ እርሳስ እንዴት እንደሚያዝ አያውቁም ነበር። ውለው አድረው ግን ስማቸውን፣ የባላቸውን ስምና የልጆቻቸውን ስም መጻፍ ቻሉ። ሁልጊዜ የሚቀመጡት ከፊት ነበር። ጥያቄ ስንጠይቅ ቀድመው እጃቸውን የሚያነሡት እሳቸው ነበሩ።

አንድ ማታ ከፊት መቀመጣቸውን ተዉ። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ለብቻቸው ተቀመጡ። ትምህርቱ ሳያልቅ ይነሣሉ፤ ይወጣሉ፤ ይመለሳሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ጭራሽ ቀሩ።

እኛ አስተማሪዎቹ ሁለት ነን። አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ሁለታችንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። «ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል» ብለን ሁለት ቀን ጠበቅን። በሦስተኛው ቀን ከመካከላችን ሴቷ ወደ ቤታቸው ሄደች። እህል ሲፈጩ አገኘቻቸው።

«እትዬ፣ ምነው ጠፉብን?» አለቻቸው።

«ምንም የለም፣ ልጄ» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ፈጩ። ከዚያም «ብርድ መትቶኛል» አሉ።

ቀስ በቀስ ነገሩ ወጣ። ብልታቸውን ያሳክካቸዋል። ሽንታቸውን ሲሸኑ ያቃጥላቸዋል። መጥፎ ሽታ ያለው ቢጫ ፈሳሽ ይወርዳቸዋል። በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሽታው ለሰው እንዳይሰማ ብለው ነው። ከባላቸው ጋር መተኛት ሥቃይ ሆኖባቸዋል። ለባላቸው ግን ትንፍሽ አላሉም። ጎረቤት ያላቸውን ሁሉ ሞክረዋል። በጨው ውኃ ታጥበዋል። ሎሚ አድርገዋል። ጢስ ታጥነዋል። ምንም አልተሻላቸውም።

እዚህ ላይ የእኛን ጥፋት እንናገር። እኛ የጤና ትምህርት አልተማርንም። ነገር ግን የተማረ ሰው አንዳንዴ ሁሉን የሚያውቅ ይመስለዋል። «እትዬ፣ የሚያስፈልገው ንጽሕና ነው፤ ውስጡን በሳሙና ደኅና አድርገው ይታጠቡ» ብለን መከርናቸው። ሳሙናም ሰጠናቸው። እሳቸውም «አስተማሪ ከተናገረ» ብለው አደረጉት። በአራተኛው ቀን መቀመጥ እንኳ አቃታቸው።

በጣም ደነገጥን። በማግሥቱ ጠዋት አብረናቸው ወደ ጤና ኬላ ሄድን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አዳመጠቻቸው። ወረቀት ጽፋ ወደ ጤና ጣቢያ ላከቻቸው። ጤና ጣቢያው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። እያረፍን ሄድን።

ነርሷ የምርመራውን ክፍል በር ዘጋች። ብዙ ጠየቀቻቸው። መረመረቻቸው። ከፈሳሹም ጥቂት ወስዳ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ አደረገች። ማይክሮስኮፕ በዓይን የማይታየውን ጥቃቅን ነገር አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ውጤቱ ሲመጣ «ብርድ አይደለም፤ ትሪኮሞናስ የሚባል ተውሳክ ነው። መድኃኒት አለው። ይድናል» አለቻቸው። ቀጥላም «ውስጡ ቆስሏል። በሳሙና ታጠቡ ያላቸው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። እኛ አንገታችንን ደፋን።

«ባለቤትዎም አብረው መታከም አለባቸው»

ከሁሉ የከበደው ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ነርሷ «መድኃኒቱን ባለቤትዎም አብረው መውሰድ አለባቸው። እርስዎ ብቻ ቢታከሙ በሽታው ከእሳቸው ተመልሶ ይይዝዎታል» አለች።

የእናታችን ፊት ተለወጠ። «ምን ብዬ እነግረዋለሁ? ‹ከየት አመጣሽው› ቢለኝስ? ቤቴ ይፈርሳል» አሉ።

ነርሷ እንዲህ ስትል መለሰች። «ይህ ተውሳክ በሰው ገላ ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ለወራት ሊቀመጥ ይችላል። ወንድ ሲይዝ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አያሳይም። ዛሬ ታየ ማለት ዛሬ መጣ ማለት አይደለም። ማን ለማን እንዳስተላለፈ በምርመራ አይታወቅም። ስለዚህ በዚህ መጣላት ጥቅም የለውም። ሁለት ሰው ከታመመ ሁለት ሰው ይታከማል። በቃ።»

ከዚያም ለባላቸው የሚሰጥ ወረቀት ጻፈችላቸው። እሳቸውም ወረቀቱን መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት።

ሁለት ቀን ቋጥረውት ቆዩ። በሦስተኛው ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ፈትተው ለባላቸው ሰጡ። ባላቸው ማንበብ አያውቁም። «ምን ይላል?» አሏቸው። እናታችን ወረቀቱን ወደ ኩራዙ አስጠጉ። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «ባ-ል-ና ሚ-ስ-ት አ-ብ-ረ-ው ይ-ታ-ከ-ሙ።»

ባላቸው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «ይኼ እውነት እዚያ ላይ ተጽፏል? ወይስ እነዚያ ልጆች ናቸው በይ ያሉሽ?» ብለው ጠየቁ። እናታችን ወረቀቱን እንደገና ከመጀመሪያው አነበቡላቸው። ባላቸው ሌላ ቃል አልተናገሩም። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ግን በቅሎዋን ጭነው በር ላይ ቆሙ። ሚስታቸውን በበቅሎዋ አስቀምጠው እሳቸው በእግራቸው ሄዱ።

ለእያንዳንዳቸው ሜትሮኒዳዞል የሚባል መድኃኒት ተሰጣቸው። እያንዳንዱ እንክብል 250 ሚሊ ግራም ነው። ትእዛዙ «ጠዋት 2፣ ማታ 2፣ ለ7 ቀን» ይላል። እናታችን ቤት እንደደረሱ እርሳስ አንሥተው አሰሉት። በቀን 4። በ7 ቀን 28። ለሁለት ሰው 56። እንክብሎቹን ቆጠሩ። ልክ 56 ነበሩ። ለባላቸው ሰዓቱን ያስታውሷቸው የነበሩትም እሳቸው ናቸው።

ዛሬ እናታችን ድነዋል። ተመልሰው ከፊት ተቀምጠዋል። ይህን ታሪክ እንድንጽፍ የፈቀዱልንም እሳቸው ናቸው። «ጻፉት። ስሜን ግን ተዉት» አሉን።

ጤነኛ ፈሳሽ የትኛው ነው?

ፈሳሽ ሁሉ በሽታ አይደለም። አንዲት ሴት የወር አበባ ማየት ከምትጀምርበት ጊዜ አንሥቶ ከብልቷ ጥቂት ፈሳሽ ይወጣል። ጤነኛው ፈሳሽ እንደ ውኃ የጠራ ወይም ነጣ ያለ ነው። መጥፎ ሽታ የለውም። አያሳክክም። አያቃጥልም። በወሩ መካከልና በእርግዝና ጊዜ በዛ ይላል። ይህ መድኃኒት አያስፈልገውም።

የሴት ብልት ውስጡን የሚያጸዳው ራሱ ነው። እንዴት? በእርሾ እንመስለው። ሊጥ የሚቦካው እርሾ ሲገባበት ነው። በእርሾ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። እነዚህ ሊጡን ያኮመጥጡታል። ወተትን እርጎ የሚያደርጉትም እንደነዚሁ ያሉ ናቸው። በሴት ብልት ውስጥም የእነሱ ወገን የሆኑ ጠቃሚ ጀርሞች ይኖራሉ። ውስጡን ኮምጠጥ ያደርጉታል። ኮምጣጣ ቦታ ደግሞ ለብዙ መጥፎ ጀርሞች አይመችም። እነዚህ ጠቃሚ ጀርሞች የቤቱ ዘበኞች ናቸው።

ውስጡን በሳሙና፣ በጨው፣ በሎሚ፣ በኦሞ ወይም በበረኪና ስንታጠብ ዘበኞቹን እንገድላለን። እርሾውን እንደ መድፋት ማለት ነው። ቤቱ ያለ ጠባቂ ይቀራል። መጥፎው ይገባል። ስስ የሆነው ሥጋም ይቆስላል። ቅጠል ቀጥቅጦ ውስጥ መክተትም እንደዚሁ ጉዳት አለው። ጢስም መታጠን ጀርሙን አያጠፋውም። የእኛ የሳሙና ምክር ለምን እንደጎዳቸው አሁን ይገባችኋል።

በብዛት የሚታዩ ሦስት ሕመሞች

1ኛ. የሻጋታ ሕመም። ካንዲዳ ይባላል። ዋናው ምልክቱ ብርቱ ማሳከክ ነው። ፈሳሹ ነጭና ወፍራም ነው፤ አይብ ይመስላል። ሽታው ብዙ አይደለም። ብልት ይቀላል፤ ያብጣል፤ ሽንት ሲነካው ያቃጥላል። ይህ ሕመም ነፍሰ ጡሮችንና የስኳር በሽታ ያለባቸውን ሴቶች ያዘወትራቸዋል። ለሌላ በሽታ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የወሰደች ሴትም ሊይዛት ይችላል። መድኃኒቱ ጠቃሚዎቹን ጀርሞች አብሮ ስለሚገድል ነው። የሚታከመው እንደ ክሎትሪማዞል ባለ፣ ብልት ውስጥ በሚቀመጥ ክኒን ወይም በቅባት ነው። የሚዋጥ መድኃኒትም አለው። የሚዋጠው ግን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ሕመሙ እየተመላለሰ የሚያስቸግር ከሆነ የስኳርና የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል።

2ኛ. የዘበኞቹ ማነስ ሕመም። ሐኪሞች ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ይሉታል። ጠቃሚዎቹ ጀርሞች ሲያንሱ ሌሎቹ ይበዛሉ። ፈሳሹ ቀጭንና አመድማ ነው። የዓሣ ሽታ የመሰለ ሽታ አለው። ሽታው ከግንኙነት በኋላ ይብሳል። ማሳከኩ ብዙ አይደለም። ውስጣቸውን የሚታጠቡ ሴቶችን ይበልጥ ይይዛል። ሽታው ሲሰማቸው ደግሞ ይበልጥ ይታጠባሉ። ሲታጠቡ ይብስባቸዋል። ይህን ክብ ማቋረጥ የሚቻለው መታጠቡን በመተውና በመድኃኒት ነው። ሜትሮኒዳዞል ይታዘዝለታል።

3ኛ. ትሪኮሞናስ። እናታችንን የያዛቸው ነው። ፈሳሹ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሳይ ነው። አረፋ ሊኖረው ይችላል። ይሸታል። ያሳክካል። ያቃጥላል። የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት በአንድ ጊዜ ይታከማሉ። ሁለቱም ጨርሰው እስኪድኑ ድረስ ከግንኙነት ይታቀባሉ። ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ እስኪያልቅ ጠላ፣ ጠጅና አረቄ እንዲተው የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ሦስቱ ሕመሞች ይመሳሰላሉ። መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም። ለአንዱ የሚያድነው ሌላውን ሊያብሰው ይችላል። ስለዚህ ከዚህ ገጽ የመድኃኒት ስም አንብባችሁ ከገበያ አትግዙ። ጎረቤት የተረፋትን ክኒንም አትውሰዱ። መርምሮ የሚያዝዘው የጤና ባለሙያ ነው። የታዘዘውን ደግሞ ቢሻላችሁም እስከ መጨረሻው ውሰዱ።

ስለ ጨብጥና ስለ ክላሚዲያ

ከእነዚህ ሌላ ጨብጥና ክላሚዲያ የሚባሉ በሽታዎች አሉ። ፀሐይ በመታው ድንጋይ ላይ በመሽናት ጨብጥ ይይዛል የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ ልክ አይደለም። ጨብጥም ክላሚዲያም የሚተላለፉት በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው።

ብዙ ሴቶች ላይ እነዚህ በሽታዎች ምልክት አያሳዩም። ክፋታቸውም ይኸው ነው። ሳይታዩ ወደ ማሕፀን ይወጣሉ። ከዚያም እንቁላል ወደሚያልፍባቸው ቀጭን ቱቦዎች ይደርሳሉ። ቱቦዎቹ ቆስለው ሲጠግጉ ይዘጋሉ። በዚህ ምክንያት ሴቲቱ ልጅ መውለድ ሊያቅታት ይችላል። ወይም ፅንሱ ከማሕፀን ውጭ ተቀምጦ ሕይወቷን አደጋ ላይ ይጥላል። ስንቷ ሴት «መካን» ተብላ ከቤቷ ወጥታ ይሆን? ባል ጨብጥ ይዞት ደብቆ፣ ራሱን ብቻ አሳክሞ፣ ሚስቱን ሳይነግር ቢቀር ዋጋውን የምትከፍለው እሷ ናት።

ጨብጥ ያለባት እናት ስትወልድ በሽታው የሕፃኑን ዓይን ሊይዝ ይችላል። ሳይታከም ከቆየ ዓይን ያጠፋል። በጤና ተቋም ለሚወለድ ሕፃን ዓይኑ ላይ ቅባት የሚደረግለት ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። የብልት ቁስልና ሕመም የኤች.አይ.ቪ. ቫይረስ በቀላሉ እንዲገባ በር ይከፍታል።

ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ

የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ቀጠሮ አይሰጥም።

- ከእምብርት በታች ብርቱ ሕመም ካለ፤ ትኩሳትም ካለ።
- ነፍሰ ጡር ሆና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከወረዳት፣ ደም ካየች ወይም የሽርት ውኃ ከፈሰሳት። አንዳንዱ የብልት ሕመም ልጅ ያለ ጊዜው እንዲወለድ ያደርጋል።
- ከወለደች ወይም ካስወረዳት በኋላ ትኩሳትና የሚሸት ፈሳሽ ካለ። ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። በቃሬዛም ቢሆን ዛሬውኑ ትሂድ።
- ከግንኙነት በኋላ ደም ከታየ ወይም የወር አበባዋ ካቆመ በኋላ ደም ከመጣ።
- ትንሽ ልጅ ላይ ፈሳሽ ወይም ደም ከታየ። ባዕድ ነገር ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሰው ደፍሯት ሊሆንም ይችላል። ልጅቷን አትቆጡ። አቅፋችሁ ውሰዷት።

ደም የተቀላቀለበትና የሚሸት ፈሳሽ የማሕፀን በር ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። ይህ ካንሰር የሚመጣው በግብረ ሥጋ ግንኙነት በሚተላለፍ ኤች.ፒ.ቪ. በሚባል ቫይረስ ነው። በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጥ መከላከያ ክትባት አለ። ልጆቻችሁን አስከትቡ። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆኑ እናቶች ደግሞ ሳይታመሙ ቅድመ ምርመራ ያድርጉ። ምርመራው አጭር ነው። ቀድሞ የተገኘ ይታከማል።

ሳይቃጠል በቅጠል

ሕመሙን እንዴት እንከላከል? የሚከተሉትን አንድ በአንድ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

1. የብልትን ውጪውን ብቻ በንጹሕ ውኃ በየቀኑ ታጠቡ። ውስጡን አትታጠቡ። ውኃ ቢቸግር አንድ ጣሳ ይበቃል። መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ።

2. ከሽንት ቤት ስትወጡ ከፊት ወደ ኋላ ጥረጉ። ከኋላ ወደ ፊት ከተጠረገ የሰገራ ጀርም ወደ ሽንት መውጫና ወደ ብልት ይገባል። ሴት ልጆቻችሁንም ከሕፃንነታቸው እንዲሁ አስተምሩ።

3. የውስጥ ልብስ በየቀኑ ቀይሩ። ከጥጥ የተሠራ ይሻላል፤ አየር ያስገባል። ረጥቦ አይለበስ።

4. የወር አበባ ጨርቅ ንጹሕ ይሁን። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀይሩት። በሳሙናና በንጹሕ ውኃ እጠቡት። በፀሐይ አድርቁት። ብዙዎቻችን አፍረን ከአልጋ ሥር ወይም ከሣር ክዳን ውስጥ እንሸጉጠዋለን። ጨለማና እርጥበት ባለበት ጀርም ይራባል። ማፈር ካለ ላዩ ላይ ስስ ነጠላ ጣል አድርጋችሁ በፀሐይ አስጡት።

5. ባልና ሚስት አንድ ለአንድ ይወሰኑ። ይህ ካልሆነ በኮንዶም ይጠቀሙ። ኮንዶም በጤና ኬላ ይገኛል።

6. ሳይታዘዝላችሁ ቴትራሳይክሊንም ሆነ አምፒሲሊን አትዋጡ።

7. ፈሳሽ መልኩን ወይም ሽታውን ከለወጠ፣ ማሳከክና ማቃጠልም ካለ አትቆዩ። ጤና ኬላ ሂዱ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው መሥራት የጀመሩት በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ምሥጢር ይጠብቃሉ። ለወንድ መናገር የምታፍሩ እናቶች ለእነሱ ንገሯቸው። መሄድ ያፈረች ሴት ካለች ጓደኛዋ ትሸኛት። እናታችንም ብቻቸውን ቢሆን አልሄድም ነበር ብለዋል።

ለባሎች አንድ ቃል

እናንተ አባቶችና ወንድሞች፣ እስከዚህ አንብባችሁ ከሆነ እናመሰግናለን። ሚስታችሁ «ታምሜአለሁ፣ አንተም እንታከም» ብትላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ያን ቃል ለመናገር ስንት ሌሊት እንዳሰበች አስቡ። በሬ ሲታመም ጥማዱ በሙሉ ይቆማል። ሚስት ስትታመም ቤቱ በሙሉ ይቆማል። «ከየት አመጣሽው» ማለት ማንንም አያድንም። የእናታችን ባል ያን ሌሊት በልባቸው ምን እንዳሰቡ እኛ አናውቅም። ጠዋት ያደረጉትን ግን እናውቃለን። በቅሎዋን ጫኑ።

እኛም ተምረናል። የማናውቀውን «አናውቅም፤ እንጠይቅ» ማለት ከአስተማሪ የሚጠበቅ ነው። ያን ሳሙና ስናስበው ዛሬም እናፍራለን።

የቃላት ፍች

ጀርም፦ በሽታ ሊያመጣ የሚችል፣ በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ነገር። ጠቃሚም አለ።
ተውሳክ፦ በሌላ ገላ ውስጥ ገብቶ የሚኖርና የሚጎዳ ሕይወት ያለው ነገር።
ምልክት፦ በሽታ መኖሩን የሚያሳይ ነገር። ለምሳሌ ትኩሳት።
መታቀብ፦ አንድን ነገር ለጊዜው መተው።
እንክብል፦ በሽፋን ውስጥ ያለ፣ በውኃ የሚዋጥ መድኃኒት።

ጥያቄዎች

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። የሚያሳፍር ቢመስላችሁ ለራሳችሁ ብቻ ጻፉት።

1. ጤነኛ ፈሳሽ ምን ይመስላል?
2. ውስጡን በሳሙና መታጠብ ለምን ይጎዳል?
3. የትሪኮሞናስ ሕመም ሲኖር ባልና ሚስት አብረው የሚታከሙት ለምንድን ነው?
4. የወር አበባ ጨርቅ የት ይደርቃል?
5. አንድ ሰው በቀን 4 እንክብል ለ7 ቀን ቢወስድ ስንት እንክብል ያስፈልገዋል? በ5ኛው ቀን ማታ ስንት ይቀረዋል?
6. ከወለደች በኋላ ትኩሳትና የሚሸት ፈሳሽ ያለባት ሴት መቼ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት?

ይህን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ አትጣሉት። ማንበብ ለማትችል ጎረቤታችሁ አንብቡላት። ምናልባት እሷም «ብርድ ነው» ብላ ዝም ብላ ይሆናል።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ሕፃናት ተቅማጥ እናነባለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።